ጥርስ ማስነቀል፣ የመንጋጋ ስብራትና የፊት እብጠት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ ከባሕር ዳር

«ስለ አፍ፣ መንጋጋና ፊት ቀዶ ሕክምና ያላችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስማችሁን አውጥቼ ልመልስ። አፋችሁን ሳላይ ስለምመልስ መድኃኒት አላዝም። ማየት ያስፈልገኛል ካልኳችሁ ኑ።

ጥያቄ (ቀበሌ 14)፦ ዶክተር፣ የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። አሁን እስከ ጆሮዬ ይጠዘጥዘኛል፣ አፌም ይሸታል። ተመርዞ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ። ከተነቀለ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ እንዲህ ከጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጧል ማለት ነው። ያ ደም ለቁስሉ ክዳን ነው። ሲጋራ፣ በስትሮ መምጠጥ፣ በመጀመሪያው ቀን አፍን አጥብቆ መጉመጥመጥ ያወጣዋል። ክኒን የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱ ሴቶችም ትንሽ ይበዛባቸዋል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ጉድጓዱ ታጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለው መድኃኒት ይደረግበታል። ብዙዎች እዚያው ወንበር ላይ እያሉ ይቀላቸዋል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ አትዋጪ፣ ለዚህ ሕመም አይረዳሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ካስነቀልኩ በኋላ የታችኛው ከንፈሬና አገጬ ደነዘዘ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ሲላጩኝ እንኳ አይሰማኝም።

መልስ፦ ከታችኛው ጥርስ ሥር አጠገብ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ሲነቀል ተጭኖ ወይም ተጎድቶ ይሆናል። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። መጀመሪያ የሚመጣው ጉንዳን የሚሄድብህ ዓይነት ስሜት ስለሆነ፣ ከጀመረህ ደስ ይበልህ። እስከ 3 ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ስፔሻሊስት ይይህ። ከመነቀሉ በፊት ራጅ የምናስነሳው ለዚህ ነው። ሥሩ ነርቩ ላይ ከተቀመጠ አንዳንዴ የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጠን ሥሩን እንተወዋለን።

ጥያቄ (ዘጌ)፦ የአባቴ የታች መንጋጋ ጥርስ ከታመመ ሰነበተ። አሁን ከአገጩ ሥር ሁለቱም ጎን አብጦ እንደ እንጨት ደርቋል። ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። ነገ በጠዋቱ ጀልባ እናምጣው?

መልስ፦ ለዚህ ሰው ወዲያው ነው የደወልኩት። እዚህ ያስገባሁት ሌሎቻችሁም እንድታውቁት ነው። ጀልባ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን በተገኘው መኪና ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የታችኞቹ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ጠልቆ ይወርዳል። መግሉ የመንጋጋውን አጥንት በስቶ ሲወጣ ከምላስ ሥር ወዳለው ክፍተት ይገባል፤ ከዚያ በሁለቱም በኩል ይሠራጫል። ያበጠው ነገር የሚሄድበት ስለሌለ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። ከምላስ ኋላ ያለው ደግሞ የአየር መንገድ ነው። ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1836 እንደ አውሮፓውያን ዘመን የገለጸው ሕመም ነው። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት ከያዛቸው ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። የሚገድለው በአብዛኛው መታፈን ነው።

በሽተኛውን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ጋደም ማለት አይችልም፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ይቀመጣል። ለሃጩ ይወርዳል። ድምፁ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ምላሱ ከጥርሶቹ በላይ ተነሥቶ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሰው በግድ አታስተኙት። ትኩስ ጨርቅ አትጫኑበት፤ በመርፌ ወይም በምላጭ አትውጉት። እኛም መጀመሪያ የምናደርገው ቢላ ማንሣት አይደለም፤ መተንፈሻውን ማስጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ በአንገት በኩል ቱቦ ይገባል። ከዚያ ከአገጭ ሥር ተከፍቶ እንዲፈስ ይደረጋል፣ ማፍሰሻ ላስቲክ ይተዋል፣ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ ምክንያት የሆነው ጥርስም ይነቀላል። ብዙ ጊዜ መግል ሳይሆን ቀጭን የሚሸት ውሃ ነው የሚወጣው፤ «መግል የለውም እኮ፣ ለምን ተቀደደ?» የሚሉኝ ቤተሰቦች አሉ። መቅደዱ ግፊቱን ለማስተንፈስ ነው።

«ፊት ካበጠ ጥርስ አይነቀልም» የሚለው ወሬ ሰው ሲያስቀብር አይቻለሁ። እውነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በባጃጅ አደጋ መንጋጋው ተሰበረ። ጥርሶቹ አይገጥሙለትም። ወጌሻ ይሽለት ይሉናል።

መልስ፦ ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ይመልስ ይሆናል፤ መንጋጋን ግን ተዉት። የእኛ ሥራ አጥንት ማገናኘት ብቻ አይደለም፣ የላይና የታች ጥርስ እንደ ድሮው እንዲነካኩ ማድረግ ነው። አንድ ሚሊሜትር ብትሳሳት ሲያኝክ ዕድሜ ልኩን ይሰማዋል። ወይ ጥርሶቹ በሽቦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራሉ፣ ወይ በቀዶ ሕክምና ፕሌት (አጥንት የሚያያይዝ ስስ ብረት) እና ብሎን ይገባል። በአደጋው ጊዜ የደነዘዘ ከንፈር ካለ ከቀዶው በፊት ይጻፍ፤ በኋላ «ሐኪሙ ነው ያደነዘዘኝ» እንዳይባል። ስብራቱ መስመር ላይ ያለ የበሰበሰ ጥርስ፣ ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ለመመርቀዝ ያጋልጣሉ።

ጥያቄ፦ አፌ በሽቦ ታስሯል። ጾም ላይ ነን። ምን ልጠጣ?

መልስ፦ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ በሚክሰር የተፈጨ ምስርና ድንች፣ አቮካዶ። የጣና ዓሣ ሾርባ በደንብ ተጠልሎ ግሩም ነው፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ። ጥቂት ኪሎ ይቀንሳሉ፣ አይደንግጡ። የሽቦ መቁረጫ ግን ሁልጊዜ አጠገብዎ ይኑር፣ ቤተሰብዎም የቱን እንደሚቆርጥ ይወቅ። ካስመለስዎት ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ። አረቄና ጠላ ለጊዜው ይቅርብዎ።

ጥያቄ (ሽምብጥ)፦ ልጄ አምና ከማንጎ ዛፍ ወድቆ አገጩ ተሰፋ። ቁስሉ ድኗል። አሁን አፉ ጣት እንኳ አያስገባም።

መልስ፦ ዛሬ ካነበብኳቸው ሁሉ ያሳሰበኝ ይኼ ነው። አገጭ ሲመታ ጉልበቱ የሚያርፈው ጆሮ ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ ነው። አገጩ ይሰፋል፣ መገጣጠሚያው ሳይታይ ይቀራል። ልጁ ስለሚያመው አፉን አይከፍትም፤ በልጆች ደግሞ አጥንት ቶሎ ስለሚያድግ መንጋጋው ከራስ ቅል ጋር ይያያዛል። ቆይቶ አገጩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ማታ ማንኮራፋት ይመጣል። መፍትሔው ያንን አጥንት ቆርጦ ክፍተት መፍጠር ነው። ከቀዶው ይልቅ የሚከብደው ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለወራት አፍ የማስከፈት እንቅስቃሴ ነው፤ እናት አዝና ካቆመች እንደገና ይገጥማል። አሁኑኑ አምጪው እናቴ።

ጥያቄ፦ የግራ መንጋጋዬ ቀስ እያለ ያብጣል። አያመኝም። ዓመት አልፎታል።

መልስ፦ አለማመሙ ነው ሰው የሚያዘናጋው። የማይሠራጭ ግን አጥንት የሚበላ እጢ አለ፤ ተቧጥጦ ብቻ ከተተወ ይመለሳል። ስለዚህ ከዳር ካለው ጤነኛ አጥንት ጋር ይቆረጣል፤ ክፍተቱም በፕሌት፣ አንዳንዴ ከዳሌ ወይም ከእግር በተወሰደ አጥንት ይሞላል። መጀመሪያ ግን ራጅና ናሙና። ናሙና ሳይወሰድ ቀዶ የሚያቀርብልህን ሰው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ የተሰነጠቀ ከንፈር ይዛ ተወለደች። በእርግዝናዬ ምን በድዬ ነው?

መልስ፦ ምንም። ከንፈር የሚገጥመው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ብዙ እናት እርጉዝ መሆኗን እንኳ በማታውቅበት። ከንፈሩ ከ3 ወር ጀምሮ፣ ላንቃውም ከተሰነጠቀ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። ላንቃው ሲዘገይ ንግግሯ በአፍንጫ ይሆናል፤ ለዚያ ነው የምንቸኩለው። እስከዚያ ክብደት ትጨምር፤ ቀጥ አድርገሽ መግቢያት። ከላንቃ ቀዶ በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ሊቀር ይችላል፣ ይደገማል።

አጫጭሮቹ።

አረቄ በታመመ ጥርስ ላይ መያዝ? ድድ ያቃጥላል፣ ጥርሱ እዚያው ነው።

የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ፣ ላቁም? በራስዎ አያቁሙ አባቴ። ያዘዘልዎት ሐኪምና እኛ እንነጋገር።

ጠበል መጠጣት ይቻላል? ይቻላል። የመጀመሪያውን ቀን አፍ ውስጥ አያገላብጡት፣ ይዋጡት።

ደሙ አልቆም አለ። ንጹሕ ጎዝ አጥፈህ ቁስሉ ላይ አድርግና ለ30 ደቂቃ ሳትከፍት ንከስ። በየደቂቃው እያየህ ከሆነ አይቆምም። ሁለቴ ሞክረህ ካልቆመ ና።

የላይ መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ በኋላ ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣል። ከአፍንጫ ጎን ካለው ክፍተት ጋር ተገናኝቷል። አትናፈጪ፣ ስታነጥሺ አፍሽን ክፈቺ፤ በቶሎ ኑ።

አያቱ የሕፃኑን እንጥል ላስቆርጥ ትላለች። እማማ፣ ይተዉት። ደሙና መመረዙ ሕፃን ይቀጥፋል። ለተቅማጥ ብሎ የወተት ጥርስ መንቀልም እንደዚያው፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል።

ልጄ ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ወለቀ። ሥሩን ሳትነኪ አናቱን ይዘሽ በንጹሕ ውሃ ቶሎ አለቅልቂውና ቦታው መልሺው። ካልቻልሽ ወተት ውስጥ ጨምረሽ በ30 ደቂቃ ድረሺ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሺው።