«እየሳቅሁ ስጽፈው እህቴ አኮረፈችኝ»

ጥያቄ፦ አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጠጪ ነበር፤ ጠጥቶ ሲመጣ ቤቱ ይታመሳል። እኔ የቤቱ ቀልደኛ ነበርኩ። ነገር ሲካረር አንድ ነገር ጣል አድርጌ አስቃቸዋለሁ፤ ያን ዕለት ሰላም እናድራለን። ሲሞት አላለቀስኩም። አሁን ስም ቀይሬ ስለ ቤታችን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የምጽፈው ሁሉ ያስቃል፤ ብቻዬን ተቀምጬ በሳቅ እፈርሳለሁ። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አንብባ «ሙት ወቃሽ! ገበናችንን ይዘሽ አደባባይ ልትወጪ ነው?» ብላ ስልኬን ማንሳት አቆመች። እናቴ ሳታነበው «እህትሽን ይቅርታ ጠይቂ» ትለኛለች። ለአባቷ ያላለቀሰች ልጅ እንዴት በሱ ትስቃለች? ታምሜ ይሆን? ልተወው? አንድ ምዕራፍ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

አልታመምሽም። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚባለው ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦም ስለሚስቅ ነው። ዳከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን ካጡ 6 ወር ገደማ የሆናቸው ሰዎች ስለ ሟቹ ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን አጥንተዋል። እያወሩ ከልባቸው የሳቁት፣ ማለትም ሳቃቸው ዓይናቸው ላይ ጭምር የታየው፣ ንዴታቸው አነስ ያለ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሳቁ አዳናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ድሮውንም ቀለል ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ ስቀው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ በሐዘን መሳቅ ብቻውን የበሽታ ምልክት እንዳልሆነ ያሳያል።

አለማልቀስሽም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ፖሊን ቦስ የተባሉ ምሁር፣ ሰውየው በአካል አጠገባችን እያለ በመንፈስ የሌለበትን እጦት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል፤ የሱሰኛ ቤተሰብም ከዚሁ ይመደባል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ አባቱን በአንድ ቀን አያጣም። በየማታው ጥቂት ጥቂት ያጣዋል። የአንቺም እንባ አባትሽ በሕይወት ሳለ ያለቀ ይመስለኛል።

ከደብዳቤሽ ይልቅ ብዙ የነገረኝ ግን የላክሽው ምዕራፍ ነው። አባትየው ሌሊት ይገባል፤ ጫማውን አውልቆ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይተኛል። ጠዋት ቤቱ ተገለባብጦ ሲፈለግ ትንሿ ልጅ ፍሪጁን ከፍታ «አባዬ፣ ጫማህ በረዶ ሠርቷል፤ ዛሬ ተንሸራተህ ቶሎ ትደርሳለህ» ትላለች። እናትየው እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ ትስቃለች። እኔም ስቄያለሁ፤ ጥሩ ትጽፊያለሽ። ምዕራፉም እዚያው ሳቁ ላይ ያልቃል።

ደግሜ ሳነበው ሌላ ነገር አየሁ። ቀልዱ የሚመጣው ሁልጊዜ ሰው ሊፈራ ሲል ነው። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ነገር ግን አንድም ቦታ አትፈራም፤ ምላሷ የሠላሳ ዓመት ሰው ምላስ ነው። ሌሊቱ ደግሞ የለም። ሰካራም ሰው በዚያ ሰዓት እንዴት ገባ? ማን ነቃ? በግማሽ መስመር አልፈሽዋል፦ «እህቴ በሩን ከፍታለት እያጉረመረመች ተመለሰች።»

በዚህች ግማሽ መስመር ላይ ነው መቆየት የምፈልገው። በታሪክሽ ውስጥ አባትየው ያስቃል፣ እናትየው አንጀት ትበላለች፣ ትንሿ ልጅ ጨዋታ አዋቂ ናት። ታላቋ እህት ግን ግንባሯን ቋጥራ ጠርሙስ ትቆጥራለች፤ ስሟንም «ኮማንደሯ» ብለሻታል። የራሷ ሳቅ የሌላት እሷ ብቻ ናት። የእህትሽን ወገን አልሰማሁም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ይሁንና የተከፋችው ስለ አባታችሁ ብቻ አይመስለኝም፤ ራሷን እዚያ ወረቀት ላይ አግኝታት ነው። «ሙት ወቃሽ» ብሎ መቆጣት ይቀላል። «አንቺ እንድትተኚ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ጨዋታ አበላሽ አደረግሽኝ» ማለት ግን ይከብዳል።

መጠጥ በገባበት ቤት ልጆች ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ያስቃል፣ ሌላው ያለ ዕድሜው እናት ወይም አባት ይሆናል። ሁለቱም ሥራ ነው፤ የሚያስቀው ግን በሳቅ ይከፈለዋል፣ ለሌላው ማንም አይከፍለውም። ስለዚህ ሁለታችሁ የቀበራችሁት አባት አንድ አይደለም። የአንቺው ጠዋት በቀልድሽ የሚስቀው ነው። የእሷ ሌሊት በር ላይ የቆመው ነው።

የቀልድን ጠባይ ያጠኑት ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መለኪያ፣ ሰውን የሚያቀራርብና በችግር ጊዜ ራስን ቀና የሚያደርግ ቀልድን፣ ሌላውን ከሚወጋና ሰው ለማስደሰት ራስን ከሚያዋርድ ቀልድ ይለያሉ። እንግዲህ ጥያቄው «መሳቄ ልክ ነው?» ሳይሆን «ሳቁ በማን ሒሳብ ነው?» መሆን አለበት። አሁን ባለው ረቂቅ ሒሳቡን የምትከፍለው እህትሽ ናት፤ ትንሽ ደግሞ ያቺ የማትፈራው ልጅ። ለድርሰቱም ቢሆን አይጠቅምም። የታመሰ ቤት ታሪክ አንባቢን እያሳቀ እንባ የሚያስተናንቀው ፍርሃቱና ቀልዱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ነው። ፍርሃቱ ከወጣ የሚቀረው ወግ ብቻ ነው።

መጻፉን አትተዪው። ነገር ግን ከመጽሐፉ ለይተሽ፣ ለማንም የማይታይ፣ ያችን ሌሊት ጻፊያት፤ በሩ ከተንኳኳበት ጀምሮ እስኪነጋ። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ቀን ስለ ደረሰባቸው ክፉ ነገር ጽፈው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ወደ ሕክምና መመላለስ የቀነሰላቸው፣ የሆነውንና የተሰማቸውን አንድ ላይ የጻፉት ናቸው። በላክሽልኝ ምዕራፍ የሆነው በሚገባ አለ፤ የተሰማሽ የለም። ቀልድ ካልመጣ አትጥሪው፣ ከመጣም አታባሪው። እነዚያ ተማሪዎች ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ስሜታቸው ከፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ልትተኚ ስትዪ አትጻፊ፣ ከከበደሽም አቁሚ። ማልቀስ እየፈለግሽ ቀልዱ ያለ ፈቃድሽ የሚቀድምሽ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ወይም አንቺም መጠጥ ውስጥ መደበቅ ከጀመርሽ፣ ባለሙያ ፊት ለፊት አግኝተሽ አነጋግሪ። ይህን በደብዳቤ መጨረስ አይቻልም።

ወደ እህትሽ ስንመጣ፣ «ለእናቴ ስል» ብለሽ የደፈና ይቅርታ አትጠይቂያት፤ ወዲያው ታውቅብሻለች። በሐዘን መሳቅ ጤናማ ነው ብለሽም አታስረጃት፤ እኔንም ምስክር አትጥሪ። ይልቅ እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ላኪላት፦ «በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነበርሽ። እኔ ተኝቼ ነበር። ጽሑፌ ላይ ይህን አለማየቴ ይቅርታ። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ መስማት እፈልጋለሁ፤ ለመጽሐፉ አይደለም።» የመጨረሻውን ቃል ከልብሽ ካልሆነ አትጻፊው። ከነገረችሽ ወሬው የእሷ ነው፤ ማታውኑ ወደ ረቂቅሽ አትሩጪበት። ካልመለሰችም በየሳምንቱ አትነዝንዣት፤ ለብዙ ዓመት ዝም ያለች ሰው ጊዜ ያስፈልጋታል። እናትሽን «ነገሩን ከእሷ ጋር ይዤዋለሁ» ብለሽ አረጋጊያትና ከመሐል አውጫት።

ስለ ማሳተሙ፣ ስም መቀየር ለሚያውቃችሁ ሰው ምንም አይሸፍንም። መጀመሪያ ጨርሺው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ስለ አባታችሁ ያለሽን ትዝታ እህትሽ ልትከለክልሽ አትችልም፤ አባትነቱ ለሁለታችሁም ነው። እሷ ያለችባቸውን ገጾች ግን ቀድማ ታንብባቸው፤ «ይታተሙ» ሳትል ለአሳታሚ አትስጪ።