በኑሮ ውድነት ዘመን ገንዘብን ስለማኖር፦ ኦዲተሯ ይመልሳሉ

አስተባባሪ፦ ብዙ ዓመት የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና የአክሲዮን ኩባንያዎችን ሒሳብ ሲመረምሩ የኖሩት ጡረተኛ አባላችን ዛሬ ማምሻውን ጥያቄ ይቀበላሉ። እባካችሁ አጭርና ግልጽ አድርጋችሁ ጠይቁ።

ኦዲተሯ፦ እንደምን አመሻችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ይህን ያህል ብር አለኝ፣ ምን ላድርገው?» የሚለኝ ሰው ብሩ መቼ እንደሚያስፈልገው ካልነገረኝ መልስ የለኝም። ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ብርና ዐሥር ዓመት የማይነካ ብር አብረው አይመከሩም። ሁለተኛ፣ የምትገቡበትን ከመጠየቃችሁ በፊት የምትወጡበትን ጠይቁ።

አዲስ ደመወዝተኛ፦ እትዬ፣ 50 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ። ምን ቢሠራበት ያዋጣል?

ኦዲተሯ፦ ከላይ የጻፍሁትን አንብብ።

አዲስ ደመወዝተኛ፦ ይቅርታ። ለሁለት ዓመት አልፈልገውም።

ኦዲተሯ፦ ደግ። ነገ ሥራ ብትለቅ ወይም ብትታመም የሦስት ወር ወጪህን የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ አለህ?

አዲስ ደመወዝተኛ፦ የለኝም።

ኦዲተሯ፦ እንግዲያው አትፈልገውም ያልኸው ብር እርሱው ነው። ባንክ ይቀመጥ።

ታዛቢ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ምክር ሰውን ያከስራል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2014 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ያስቀመጠ ሁሉ ገንዘቡ አልቀለጠበትም?

ኦዲተሯ፦ ቀልጧል። ማን ካደ? 100 ሺህ ብር በዓመቱ 107 ሺህ ሲሆን በዚያው ዓመት ዕቃው 130 ሺህ ከገባ፣ ወለድ የተባለው ኪሳራህን ትንሽ ቀነሰልህ እንጂ አላተረፈህም። ነገር ግን የክፉ ቀን ገንዘብ የሚቀመጠው በተፈለገበት ሰዓት እንዲገኝ ነው። ሌሊት ሐኪም ቤት በር ላይ አክሲዮን ተቀብሎ የሚያክም የለም። ከዚያ የተረፈው በሌላ መንገድ ይታያል። ደግሞ ብዙ ብር ያላችሁ በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ ጠይቁ፤ ወለዱ የሚወሰነው በድርድር ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ማንም አይጨምርለትም።

ሳሪስ፦ ባንኩ ቢወድቅስ?

ኦዲተሯ፦ የተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ይከፍላል። ቀጥሎ።

የመርካቶ ልጅ፦ እትዬ፣ ዕቁብ ይሻላል ወይስ ባንክ?

ኦዲተሯ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዕቁብን የምትነቅፉ ሰዎች ሒሳቡን ሠርታችሁ አታውቁም፤ የምታመሰግኑትም እንደዚያው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣው 60 ሺህ ነው። መስከረም ላይ የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ የሚወስደው ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ አበዳሪ ነበር። ዋጋ በወር 1 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ የነሐሴው 60 ሺህ በመስከረም ዋጋ ከ54 ሺህ ብር ያነሰ ዕቃ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ጥያቄው የቱ ይሻላል ሳይሆን ስንተኛ ትወስዳለህ ነው። ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት የገባ ሰው ቀድሞ የደረሰውን አነጋግሮ፣ ትንሽ ቅናሽ ሰጥቶም ቢሆን ዕጣውን ቢገዛው ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል። ምንም የሚገዛው ነገር የሌለው፣ ለመቆጠብ ብቻ የገባ ሰው ግን የመጨረሻው ዕጣ ሲደርሰው አይደሰት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው የሚታወቁበት፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር የማይወስድበት ዕቁብ በሰው ፊት የቆመ ነው። አሁን በስልክ ብቻ የሚሰበሰብ፣ አባላቱ የማይተዋወቁበት፣ ዋስ የማይጠየቅበት በዝቷል። ዋስ የሌለበት ዕቁብ ውስጥ አትግቡ። ሁለተኛ አልናገርም።

ብርቱካን፦ እኔ ያለሁበት ዕቁብ ዋስ የለውም፤ ግን ሰብሳቢው በጣም የታመነ ሰው ነው።

ኦዲተሯ፦ አሁን ምን አልሁ?

ተከራይ፦ እኔ ምን ልቆጥብ? የደመወዜ ግማሽ ለቤት ኪራይ ነው የሚሄደው። አከራዬ በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ጨመረብኝ።

ኦዲተሯ፦ የሕግ ሰው አይደለሁም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ያዝዛል፤ የኪራይ ጭማሪም መንግሥት በሚወስነው ጊዜና ጣሪያ ብቻ ነው ይላል። ውልህ ተመዝግቧል?

ተከራይ፦ አልተመዘገበም። አከራዬ «ካስመዘገብህ ውጣ» አለኝ።

አከራይ፦ አከራይን ብቻ ጥፋተኛ አታድርጉ። ሲሚንቶውም ግብሩም ጨምሯል። እኔም ከገበያ ነው የምበላው።

ተከራይ፦ ሲሚንቶ ጨመረ ብለው ከዐሥር ዓመት በፊት የተሠራ ቤት ያስወድዳሉ?

አከራይ፦ ጣሪያው ሲያፈስስ የሚጠግነው ማን ሆነና?

የመርካቶ ልጅ፦ እስካሁን ያለፈው ክረምት ፍሳሽ ያልተጠገነልኝ አለሁ።

አስተባባሪ፦ የቤት ኪራዩን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ኦዲተሯ፦ ይሻላል። እኔም ውሃ ጠጥቼ ተመለስሁ።

ከሪያድ፦ እትዬ፣ ስድስት ዓመት ሳውዲ ሠርቻለሁ። በየወሩ ወደ አገር ቤት እልካለሁ። ወንድሜ «መሬት ገዝቼልሻለሁ፣ ቤት እየሠራሁልሽ ነው» ይለኛል። ፎቶ ይልካል። ልቤ ግን አላረፈም።

ኦዲተሯ፦ ልጄ፣ ካርታው በማን ስም ነው? መልሱን እዚህ አትጻፊው፤ ለራስሽ መልሺው። በእርሱ ስም ከሆነ በሕግ ፊት ቤት ያለው እርሱ ነው፤ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ ነገ ሊያገባ፣ ሊታመም ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ የምትልኪውን ለሁለት ክፈዪው። የቤተሰብ ቀለብ ለእናትሽ፣ የአንቺ ቁጠባ በራስሽ ስም በተከፈተ ሒሳብ። ለውጭ ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የሚከፍቱ ባንኮች አሉ። ውክልና መስጠት ካለብሽ ለአንድ ተግባር ብቻ የተወሰነ ይሁን፤ «መሸጥ መለወጥ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አትስጪ። በስድስት ዓመት የላክሽባቸውን ደረሰኞች ሁሉ ሰብስቢ። ቂም እንዳይመስልብሽ አትፍሪ፤ ሒሳብ መጠየቅ ቂም አይደለም።

ከሪያድ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፈጣኑ፦ ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥስ? ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያኔ የያዘ አተረፈ።

ኦዲተሯ፦ በጥቁር ገበያ ስለመግዛት አልመክርም።

ፈጣኑ፦ ዲጂታል ገንዘብስ? በወር 20 በመቶ ዋስትና ያለው ትርፍ የሚከፍል አንድ ድርጅት አለ።

ኦዲተሯ፦ «ዋስትና ያለው» ያልኸው ቃል ይበቃኛል። አትግባ።

ፈጣኑ፦ ጓደኛዬ ግን ሁለት ወር ተከፍሎታል።

ኦዲተሯ፦ እንደ አንተ ከኋላ ከሚገቡ ሰዎች ብር ነዋ የሚከፈለው። ቀጥሎ።

አንድ መምህር፦ የባንክ አክሲዮን ልገዛ ነው። 25 በመቶ ትርፍ ከፍያለሁ ይላል። አንድ ቀን ባንኩ ያድጋል ብዬ ነው።

ኦዲተሯ፦ እንኳን መጣህ መምህር። 25 በመቶ የሚሉህ በአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ላይ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበትን በ1,500 ከገዛኸው፣ 250 ብሩ ለአንተ ከ17 በመቶ ያነሰ ሆነ። ደግሞ ያለፈው ዓመት ትርፍ ለሚመጣው ዓመት ቃል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው ብዙዎች አዲስ አክሲዮን በብዛት ሸጡ። ትርፉ በዚያው ልክ ካላደገ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ይሳሳል። ስለዚህ በባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የትርፉን ጠቅላላ ድምር ተውና ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ የአራት ዓመት አስተያይ። ከዚያ የኦዲተሩን አስተያየት ገጽ አንብብ፤ «ከዚህ በስተቀር» የሚል ሐረግ ካለ ኦዲተሩ ያልተቀበለው ሒሳብ አለ ማለት ነውና እዚያው ቁም። ከዚያ ማብራሪያዎቹ ውስጥ ለዳይሬክተሮችና ለቅርብ ሰዎች የተሰጠ ብድር ስንት እንደሆነ ፈልግ። ሥዕል የበዛበት የፊተኛው ክፍል ለሠርግ አልበም ይሁን።

አንድ መምህር፦ መሸጥ ብፈልግስ?

ኦዲተሯ፦ ይህን ከመግዛትህ በፊት የጠየቅህ የመጀመሪያው ሰው ነህ። ጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። አንተ የምትገዛው እዚያ ካልተመዘገበ ገዢውን ራስህ ትፈልጋለህ። ገና በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሽያጭ መግለጫ ሰነዱን ማጽደቁን ጠይቅ። ሰነዱን የማያሳይ ሻጭ ቢሮው የቱንም ያህል ቢያምር ተመለስ።

ታዛቢ፦ የኢትዮ ቴሌኮምንስ ምን ይላሉ? ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ዐሥር በመቶ ገደማ ነው። ሕዝቡ አላመነም ማለት ነው።

ኦዲተሯ፦ ወይም ሕዝቡ ገንዘብ አልነበረውም። ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ በ300 ብር ሒሳብ 9,900 ብር ነበር። ያኔ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በወር ያን ያህል አይደርሰውም ነበር። ትርጓሜውን ለአንተ ትቻለሁ።

የቤት እመቤት፦ እኛ አክሲዮንም ዶላርም የለን። በወር የሚተርፈኝ 1,500 ብር ነው።

ኦዲተሯ፦ ለዛሬ የወደድሁት ጥያቄ ይህ ነው። ጤፍ የሚረክሰው አዝመራው ገብቶ ገበያ ሲወጣ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ይወደዳል። በየወሩ በኪሎ ከምትገዢ፣ ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ጥር ላይ ኩንታል ውሰዱና ተካፈሉ። ጤፍ እንደ ስንዴና በቆሎ በቀላሉ በነቀዝ አይጠቃም፤ ከደረቀ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። በርበሬም በወቅቱ። የዋጋው ልዩነት ከባንክ ወለድ የሚበልጥበት ዓመት ብዙ ነው፤ ግብርም የለበትም።

ፈጣኑ፦ ጤፍ ማከማቸት የዋጋ ንረት አያባብስም?

ኦዲተሯ፦ ለራስዋ ቤት የገዛችው አንድ ሦስተኛ ኩንታል? በል እንግዲህ።

አዲስ ደመወዝተኛ፦ እትዬ፣ የእኔ 50 ሺህ ግን ጤፍ ቢገዛበት...

ኦዲተሯ፦ ብቻህን አይደል የምትኖረው? አንድ ኩንታል ምን ያደርግልሃል? የሦስት ወሩን ወጪ በወረቀት ጻፍና በሚቀጥለው ሳምንት አምጣው፤ ከዚያ እንነጋገራለን። አስተባባሪ፣ ለዛሬ እኔ በቃኝ።