የተመለሰ የሐላል ዶሮ ዳግም ይሸጣል?

ጥያቄ፦ የሐላል ምስክር ወረቀት ያለው በረዶ የሆነ ዶሮ ወደ ውጭ እንልካለን። አንድ ገዢ የካርቶኑ ጽሑፍ ከውሉ ጋር አይገጥምም ብሎ ሙሉ ኮንቴይነር መለሰብን። ሥጋው ምንም አልሆነም፤ ለሌላ ገዢ መሸጥ እንችላለን?

መልስ፦ ለጊዜው አትችሉም። ምስክር ወረቀቱ ስለ ዕርዱና ስለ አስተሻሸጉ እንጂ በመልስ ጉዞው ከምን ጋር እንደተጫነ አይናገርም። ዕቃው ለብቻው ይቀመጥ፤ በመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይም ሽያጩ ይታገድ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያኔ የማታ ተረኛው ትእዛዝ ሲደርሰው ጭኖ ይልከዋል።

ቀጥሎ የኮንቴይነሩን የማኅተም ቁጥር ከጭነት ሰነዱ ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ ቢለያይ ወዲያው አትደናገጡ፤ ጉምሩክ ለፍተሻ ከፍቶ በሌላ ማኅተም ሊዘጋው ይችላል። ያን የሚያሳይ ወረቀት ግን መኖር አለበት። ወደ ሌላ ኮንቴይነር ተዛውሮ ከሆነ ደግሞ ያ ኮንቴይነር ቀድሞ ምን እንደጫነ በጽሑፍ ጠይቁ።

የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብም አውርዱ፤ ከ-18 ዲግሪ በላይ የወጣበት ሰዓት ካለ ካርቶኖችን ከፍታችሁ እዩ። በከረጢቱ ሥር የረጋ ቀይ በረዶ ወይም የተጨማደደ ካርቶን ካገኛችሁ ሥጋው ቀልጦ ዳግም በረዷል ማለት ነው። ዕርዱ ሐላል ቢሆንም ጠይብ (ንጹሕና ለጤና ተስማሚ) አይደለምና ለምግብነት አይለፍ።

ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ለሰርተፊኬት ሰጪው አካል በጽሑፍ አሳውቁ። አዲስ ጽሑፍ ሲለጠፍ የባች (የምርት ዙር) ቁጥር፣ የዕርድ ቀንና የማብቂያ ጊዜ አይነኩም። የጭነቱ ምስክር ወረቀት የድሮውን ተቀባይ ስም ከያዘ ተሰርዞ አዲስ ይውጣ። አዲሱ ገዢ ያለበት አገር ሰርተፊኬት ሰጪያችሁን መቀበሉንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አንዱ አገር የተቀበለውን ሌላው ላይቀበል ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተነካክቶ ቢሆንስ?

መልስ፦ ወሳኙ እርጥበት ነው። ሁለቱም ደረቅ ከነበሩ ነጃሳ (በእስልምና ርኩስ የሚባል ነገር) አይተላለፍም። የውጭ ካርቶኑ ረጥቦ የውስጡ ከረጢት ካልተቀደደ ካርቶኑ ተጥሎ የከረጢቱ ጉዳይ ለሰርተፊኬት ሰጪው ይቅረብ። ፈሳሹ ሥጋው ድረስ ከገባ ግን ከሐላል ሽያጭ ይውጣ።

አሳማ የነካውን ኮንቴይነር በተመለከተ የማሌዥያው የሐላል ምግብ ደረጃ፣ ኤም ኤስ 1500፣ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ያዛል፤ ከነዚህ አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውኃ ነው። እዚህ ላይ ቆጠራ ይሳሳታል፦ የሚታየው ቆሻሻ እስኪለቅ የፈሰሰው ውኃ ሁሉ እንደ አንድ እጥበት ይቆጠራል። አካሄዱ የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት) ነው፤ የሌላው መዝሀብ ተከታዮች ሐነፊዎች ሰባቱን አያስገድዱም፤ ስለዚህ የመዳረሻውን አገር ሕግ ተከተሉ።

ጥያቄ፦ ሸማች ከፍቶ ለሱቅ የመለሰውስ?

መልስ፦ ገንዘቡን መልሱ፣ ዕቃውን አስወግዱ። በሸማቹ ቤት ምን እንደነካው የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም።