ዲቪ ደርሶን መጥተን፣ ለኬጂም ዕጣ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስቱም ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ናቸው፣ ሦስቱም ከአሜሪካ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ነው። ልጃችን ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ይገባል። ባለቤቴ ቫውቸር የሚባል ነገር አለ፣ ካቶሊክ ትምህርት ቤት እናስገባውና ሥርዓት ይማር ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ቻርተር ካልገባ ልጅሽን ጣልሽው ትለኛለች። እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ጠዋት 12 ሰዓት እገባለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ቤታችን አጠገብ የሰፈራችን ፐብሊክ ስኩል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አለ፤ እሱ አይሆንም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ገብቶ ያየው ግን አንድም የለም። ግራ ገባኝ።
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጎረቤትሽን እናረጋጋ። ቻርተር የጥራት ማኅተም አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ግን የከተማው ትምህርት ቢሮ ሳይሆን የራሱ ቦርድ የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ነው፣ በቃ። ልጅ ፈትኖ አያስገባም፣ አመልካች ሲበዛ በዕጣ ነው። ሕጉን መጀመሪያ ያወጣችው ሚኔሶታ ናት፣ በ1991። ዲሲ በ1996 ተከተለች፤ ዛሬ በመንግሥት ገንዘብ በነፃ ከሚማሩት የከተማዋ ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው። የከተማው ግማሽ የሚማርበት ነገር ሁሉም ምርጥ ሊሆን አይችልም፤ ጎበዝም አለው፣ ደካማም አለው። በ2024 እንዲያውም አንዱ ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ፣ ወላጆችም በነሐሴ አጋማሽ እንደ አዲስ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጡ።

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በሒሳብ ከአካባቢያቸው ፐብሊክ ስኩል የተሻሉት ቻርተሮች 17 በመቶ፣ የባሱት ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ፣ የቀሩት ያው ናቸው። በ2023 በደገሙት ጊዜ ነገሩ ተሻሽሎ የቻርተር ልጆች በአማካይ በንባብ የ16 ቀን፣ በሒሳብ የ6 ቀን ትምህርት ያህል ቀድመው ተገኙ። ስድስት ቀን እኮ አንድ ጉንፋን የሚበላው ጊዜ ነው። በጣም ጎበዞቹ ቻርተሮች ልዩነታቸው ከዚህ እጅግ ይሰፋል፣ እሱን አልክድም፤ ግን እነሱን ስማቸውን ጠርተሽ ነው መፈለግ ያለብሽ እንጂ "ቻርተር" የሚል ታፔላ አይተሽ አይደለም።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ስንመጣ፣ ቫውቸር ማለት የሕዝብ ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው። የዲሲውን ያቋቋመው ኮንግረስ ነው፣ ከ2004 ጀምሮም እየሠራ ነው። ለመግባት ገቢያችሁ ዝቅተኛ መሆን አለበት፦ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 185 በመቶ ያልበለጠ፣ ወይም ፉድ ስታምፕ፣ የመንግሥት የምግብ ድጎማ፣ የምታገኙ። በ2025 ስሌት ለሦስት ሰው ቤተሰብ ወደ 49 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የገንዘቡን ጣሪያ የ2011 ሕግ ለታናናሾቹ 8 ሺህ፣ ለሃይስኩል 12 ሺህ ዶላር አድርጎት ነበር፣ በየዓመቱ ከኑሮው ጋር ከፍ ይላል። ከተማው ውስጥ ታዋቂዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ስለሚያስከፍሉ በዚህ ብር እነሱን እርሺያቸው። የካቶሊኮቹን ግን ይሸፍናል ወይም ይጠጋል፣ ባለቤትሽ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ውጤቱስ? መንግሥት ራሱ አስጠንቷል። በ2010 በወጣው ጥናት በዕጣ ቫውቸር ከቀረበላቸው ልጆች 82 በመቶው ሃይስኩል ጨርሰዋል፣ ዕጣ ካልወጣላቸው 70 በመቶው። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። በኋላ በሌሎች ተማሪዎች ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ የፈተና ውጤታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ካልደረሳቸው ልጆች ጋር ያው ሆኖ ተገኘ፣ እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ወርዶባቸው ነበር።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ። ልጅሽ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የሚናገር፣ አይደል? ፐብሊክ ስኩልም ቻርተርም የእንግሊዝኛ ድጋፍ መስጠት ግዴታቸው ነው። ነገ ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ልጁ የንግግር ወይም የመማር ችግር ቢገኝበት ልዩ ድጋፍ የሚያሰጠው የፌዴራል መብት አለው። በቫውቸር ግል ስታስገቢው ያንን የፌዴራል መብቱን በር ላይ ትተሽ ነው የምትገቢው። ትምህርት ቤቱም ልጁን አልፈልግም ማለት ይችላል።

አሁን ስለ ሰዓት እናውራ፣ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ዲሲ ውስጥ የከተማው ቢጫ አውቶቡስ በአብዛኛው የሚያመላልሰው የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን ብቻ ነው። ሜትሮና አውቶቡስ ለተማሪ ነፃ ነው፣ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ብቻውን አይሳፈርም። አንቺ 12 ሰዓት ሥራ ላይ ነሽ። ባለቤትሽ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው በሚጭንበት በዚያ ወርቅ ሰዓት ልጅ ይዞ ከተማውን ሊያቋርጥ ነው። ነፃ የተባለው ትምህርት ቤት በወር ስንት መቶ ዶላር እንደሚያስወጣችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ አጠገብሽ ያለውን ገብቼ አያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ስንት ዓመት ቆዩ? አምና ስንት መምህር ለቀቀ? ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚያቆዩት እስከ ስንት ሰዓት ነው? እንግሊዝኛው ከከበደሽ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ፤ በከተማው የ2004 የቋንቋ ሕግ መብትሽ ነው። ያ ትምህርት ቤት ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ያለ ዕጣ ሊቀበለው ግዴታ አለበት፣ ማንም አይወስድብሽም። እሱን ይዘሽ ማይ ስኩል ዲሲ የሚባለውን የከተማውን የትምህርት ቤት ዕጣም ሙዪ። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትጽፊያለሽ። የመጨረሻው ቀን እስካላለፈ ድረስ ቀድሞ መሙላት ቅድሚያ አያሰጥም። ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ "እሱ አይደርሰኝም" ብሎ የሚወደውን ወደ ታች ያወርዳል። የዕጣው ስልት የኖቤል ተሸላሚው አልቪን ሮዝ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፣ የልብሽን አንደኛ ብለሽ ብትጽፊ እንዳትጎጂ ተደርጎ የተሠራ። ዲቪ ደርሶን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ጠብቀን ላደግን ሰዎች ዕጣ አዲስ ነገር አይደለም፣ ልዩነቱ እዚህ ባይደርስሽም ሜዳ ላይ አለመቅረትሽ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እህቴ ዲሲ ትኖራለች። በእሷ አድራሻ ልጄን ዲሲ ቻርተር ባስገባ ማን ያውቃል?
አባት

መልስ፦ ያውቃሉ፣ ወንድሜ። የነዋሪነት ማስረጃ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ ጥቆማም ይቀበላሉ። የዲሲ ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ያደረጉ ወላጆችን ፍርድ ቤት አቁሟል፣ ሲያሸንፍም መክፈል የነበረባቸውን ሦስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። እህትዎንም አብረው ያስገቧታል። ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው ያለሁት። የልጅ ልጆቼ የግል መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ የሚከፍለው ልጄ ነው። አሁን የስቴቱ ገዥ ለግል ትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ ተባለ። ግብራችን ነው፣ ለምን አንወስድም? ደግሞስ ሰው ምን አስጮኸው?
አያት

መልስ፦ ጋሼ፣ መብታችሁ ከሆነ ውሰዱት፣ ማንም አይቀየማችሁም። የ2025ቱ የቴክሳስ የቫውቸር ሕግ 1 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ከ2026-27 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለግል ትምህርት ቤት ተማሪ ወደ 10 ሺህ ዶላር፣ ቤት ለሚማር እስከ 2 ሺህ ነው። አመልካች ከበዛ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ይቀድማሉ።

ጩኸቱ የመጣው ከዴሞክራቶች ብቻ አይደለም። የገዥው የራሳቸው የሪፐብሊካን ፓርቲ የገጠር ተወካዮች ናቸው በ2023 ሐሳቡን ያስጣሉት። ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ በእነሱ አካባቢ የግል ትምህርት ቤት የለም፣ ፐብሊክ ስኩሉ ደግሞ ለብዙ ሰው ሥራውም ነው፣ ዓርብ ማታ የፉትቦል ሜዳውም ነው። ከዚያ በ2024 በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ብዙዎቹ ወንበራቸውን አጡ፣ ሕጉም በ2025 አለፈ። በዚያው በ2024 ኬንታኪና ነብራስካ በትራምፕ በኩል እየመረጡ ቫውቸርን ግን በድምፅ ጥለዋል።

የእኔን ከጠየቁኝ፣ ከኪሳቸው ሲከፍሉ ለኖሩ ሰዎች መክፈሉ አይዋጥልኝም። አሪዞና በ2022 ቫውቸሩን ለሁሉም ስትከፍት መጀመሪያ ከተመዘገቡት አብዛኞቹ ቀድሞም ፐብሊክ ስኩል ያልነበሩ ልጆች ነበሩ። ለደሃ ልጅ በር መክፈቻ ነው ተብሎ የተጀመረ ነገር፣ እንደ እናንተ መክፈል ለቻለ ቤት ቅናሽ ሆነ ማለት ነው፤ ይቅርታ ጋሼ፣ ስለ ጠየቁኝ ነው።

ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ግን ልጅዎ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ክፍል አንድ ነገር ይጠይቅልኝ። የሚመጣው ዓመት ክፍያ ስንት ነው? ገንዘቡ ሲመጣ ክፍያውም አብሮ ካደገ ምን አተረፋችሁ?