ፍሪጁ ሞቀ፣ ሻጩ ካደ፦ ግልግል ዳኝነት ይጀመራል ወይ?

የዚህ እትም ሦስት ጥያቄዎች የመጡት ከጎንደር ነው። ሦስቱም ከድርጅት ጋር ስለተጣላ ገዢ ስለሆኑ አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የቀን ጉዳይ ስላለበት ለጠያቂዋ በዚያው ቀን በስልክ መልሰንላታል፤ እዚህ የምናወጣው ለሌሎቻችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዘዞ ነው። አራዳ ካለ አንድ ሱቅ በ62 ሺህ ብር ፍሪጅ ገዛሁ። በሳምንቱ ማቀዝቀዝ አቆመ። ሻጩ ጋ ስሄድ «እኔ ሸጬ ጨርሻለሁ፣ አስመጪውን ጠይቂ» አለኝ። አስመጪው ያለው አዲስ አበባ ነው። ስደውል ደግሞ «መብራት እየመጣ እየሄደ ነው ያቃጠለው፣ ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» አሉኝ፤ ሰው ልከው እንኳ አላዩትም። ሲያትል ያለው ወንድሜ «አርቢትሬሽን ጀምሪባቸው፣ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ይደነግጣሉ» ይላል። እናቴ ሽማግሌ እንላክ ትላለች። ከገዛሁት ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምሽም ከእናትሽም በፊት ቀኑን ስሚ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንደሚለው፣ የገዛሽው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት በ15 ቀን ውስጥ ሻጩን «ወይ ቀይርልኝ ወይ ብሬን መልስ» ማለት ትችያለሽ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከገዛሽበት እንጂ ከተበላሸበት አይደለም። የዋስትና ወረቀቱ ከዚህ የተሻለ ነገር ከሰጠሽ የተሻለውን ትጠቀሚያለሽ። የምትጠይቂው ደግሞ ሻጩን ነው። ብሩን ቆጥሮ የተቀበለሽ እሱ ነው፤ ከአስመጪው ጋር ያለውን ሒሳብ እነሱ ይተሳሰቡበት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፊ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደገዛሽ፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ዕቃው ምን እንደሆነና ምን እንዲደረግልሽ እንደምትፈልጊ በግልጽ አስፍሪ፤ ስድብም ልመናም አያስፈልግም። በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን ስጪው፣ ሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርምልሽ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂና በእነሱ ፊት ስጪው፣ በአንቺ ቅጂ ላይ እነሱ ይፈርሙ። በስልኩም ፎቶውን ላኪለት፣ መላክሽ ይታወቃል።

ደረሰኙን ደግሞ አሁኑኑ አውጪው። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ በጥንቃቄ ያስቀመጠውን ደረሰኝ ለዳኛ ሊያሳይ ሲያወጣው ነጭ ወረቀት ሆኖ ያገኘዋል። ፎቶ አንሺው፣ ኮፒም አስደርጊው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ሞዴልና ቁጥር የተጻፈበትን ምልክትም አንሺ። ማታ በብርጭቆ ውኃ አስገቢና ጠዋት ሳይቀዘቅዝ ስታወጪው በቪዲዮ ያዥው። የሰፈር ባለሙያ ግን እንዳይከፍተው። አንዴ ከተከፈተ «የነካካችሁት እናንተ ናችሁ» ለማለት መንገድ ያገኛሉ። አስመጪዎቹ ስለ መብራቱ ያሉትንም በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ሳያዩ የተናገሩትን ፈርመው ለመስጠት ብዙዎች ያመነታሉ፣ ያ ራሱ ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ወንድምሽ። አርቢትሬሽን ያለሽ በእኛ ግልግል ዳኝነት የምንለው ነው፤ በፍርድ ቤት ፈንታ ተከራካሪዎቹ የመረጡት ሰው ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። እሱ ያለበት አገር የነገረሽ ነገር ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ስልክ ሲገዛ፣ የባንክ ካርድ ሲወጣ በሚፈረመው ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ «ክርክር ቢነሳ በግልግል ዳኛ እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም» የሚል አንቀጽ አለ። ይህን የሚደግፈው ሕጋቸው በፈረንጆቹ 1925 የወጣ ነው። በፈረንጆቹ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠብቋል። ባልና ሚስት በነጻ ይሰጣል ለተባለ ስልክ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ታክስ ተጠየቁና የስልክ ኩባንያውን ኤቲ ኤንድ ቲን ከሌሎች ደንበኞች ጋር በአንድ መዝገብ ሊከሱ ተነሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እያንዳንዱ ደንበኛ ብቻውን ግልግል ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው የውሉ ቃል ይጸናል አለ። ለ30 ዶላር ብቻውን የሚሟገት ማን ነው? እዚያ አገር ሰው ግልግል ዳኝነት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ሌላ በር ስለዘጋበት ነው።

እኛ ጋ በሩ የተዘጋው በተቃራኒው ነው። በ2013 ዓ.ም የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 በአንቀጽ 7 በግልግል ዳኝነት የማይታዩ ጉዳዮችን ይዘረዝራል። ፍቺ፣ ውርስ፣ ወንጀል፣ ግብር፣ የመሬት ጉዳይ እያለ ይሄድና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃንም ያስገባል። የአንቺ ጥያቄ የሸማች ጥያቄ ነው። «ግልግል ዳኝነት ጀምሬብሃለሁ» ብለሽ ብትጽፊለት፣ ጠበቃ ያለው ድርጅት ከሆነ ፈገግ ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ አንቺ ደግሞ የቀሩሽን አራት ቀኖች ታባክኛለሽ።

እኔ ክልከላውን እደግፈዋለሁ። ግልግል ዳኛ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ሰው አይደለም፣ የሚከፍሉት ተከራካሪዎቹ ናቸው። ውሉን የሚያረቀው ድርጅቱ ነው። ነገሩ ቢፈቀድ ኖሮ እያንዳንዱ የዋስትና ወረቀት ጀርባ ላይ «ክርክር አዲስ አበባ በግልግል ዳኛ» የሚል መስመር በደቃቅ ፊደል ይገባ ነበር፣ የአዘዞ ሰው ደግሞ ለአንድ ፍሪጅ አዲስ አበባ ሊመላለስ ነው። ግን በሩን መዝጋት ብቻውን ለሸማቹ አይበቃም። ስፔን ውስጥ ሸማቹ ሳይከፍል የሚገለገልበት የግልግል ዳኝነት አለ፣ በፈቃደኝነት ነው፣ ሥርዓቱን የተቀበሉ ነጋዴዎች ይህን የሚያሳይ ምልክት በራቸው ላይ ይለጥፋሉ። እንዲህ ያለው ነገር ጎንደር ላይ ቢኖር፣ አራዳም ቅዳሜ ገበያም ምልክቱን የለጠፈ ሱቅ ስንት ደንበኛ ያገኝ ነበር! ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ቢያስቡበት ከልቤ ደስ ይለኛል።

እናትሽ ግን ልክ ናቸው። ሽማግሌ እንደ ግልግል ዳኛ አይፈርድም፣ ያስታርቃል። ዕርቅ ደግሞ አልተከለከለም፣ አዋጅ 1237 ራሱ ቦታ ሰጥቶታል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ደጋግሜ የማየው ይህን ነው፦ ሽማግሌ ይላካል፣ ሻጩ በክብር ይቀበላል፣ ቡና ይፈላል፣ «ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል»፣ «ልጁ ከአዲስ አበባ ይመለስ»፣ «በዓሉ ይለፍ» ይባላል። ሁሉም በጨዋነት ነው። በዚህ መሃል 15 ቀኑ ያልፋል። ከዚያ በኋላ «ቀኑ አልፏል» የሚልሽ ያው ቡና ያፈላው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤውን ስጪ፣ በማግሥቱ ሽማግሌ ላኪ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱን የሚያውቅ ነጋዴ ቢሆን ይመረጣል፤ ነጋዴ የነጋዴ ዓይን ያፍራል።

እሱም ካልሠራ የተፈረመበትን ቅጂ ይዘሽ ሱቁ ወዳለበት ክፍለ ከተማ የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ሱቁን የሚቆጣጠሩት እነሱ ስለሆኑ የእነሱ ስልክ ከአንቺ ስልክ ይልቅ ይነሳል። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቅሽ በኋላ ለመክሰስ ያለሽ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ጠበቃ ለመያዝ ካልቻልሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው። አቤቱታ ይጽፉልሻል፤ መሄድ አትፈሪ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ለጥምቀት እንግዶች ብዬ ከአዲስ አበባ ድርጅት የሶላር ውኃ ማሞቂያዎች ገዛሁ። ሁለቱ ያፈሳሉ። ውሉ ላይ «ክርክር ቢነሳ አቅራቢው በሚሾመው ግልግል ዳኛ ይታያል» ይላል። ሳነበው አልፌው ነው የፈረምኩት። እኔስ ሸማች አይደለሁም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለዚህ ዕቃ አይደሉም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። እርስዎ የገዙት ለሥራዎ ነው። ስለዚህ የአዘዞዋ እህታችን ያልተፈቀደላት መንገድ ለእርስዎ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ፍርድ ቤት ቢሄዱ ድርጅቱ ውሉን አውጥቶ «በግልግል ይታይ» ብሎ ሊያስመልስዎት ይችላል።

ግን «አቅራቢው የሚሾመው» የሚለውን አሜን ብለው አይቀበሉ። ቀድሞም በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3335 ዳኛ በመምረጥ አንዱን ወገን የሚያስበልጥ ስምምነት አይጸናም ይል ነበር። ዛሬም ግልግል ዳኛ ገለልተኛ መሆን አለበት፣ የአንዱ ወገን ሎሌ ሆኖ አይቀመጥም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጻፉ፦ ሁለቱ ማሞቂያዎች ያፈሳሉ፣ እስከዚህ ቀን ጠግኑ ወይም ቀይሩ ይበሉ። ቀኑ ሲያልፍ ሁለተኛ ደብዳቤ ይላኩ። በዚህኛው ላይ የውሉን ቀን፣ የግልግሉን አንቀጽ ቃል በቃል፣ የጠቡን ምክንያት፣ የሚጠይቁትን ገንዘብ ያስፍሩና ግልግል ዳኝነት እንዲጀመር መጠየቅዎን በግልጽ ይጻፉ። ወዲያው ሦስት ነገር ያቅርቡ፦ ዳኛው ሁለታችሁም የምትስማሙበት ሰው ይሁን፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ የሚሰማበት ቦታ ጎንደር ይሁን። ቁጥሩን ካልተስማማችሁበት ሕጉ ሦስት ዳኛ ነው የሚለው፣ የሦስቱንም አበል የምትችሉት እናንተ ናችሁ። መልስ ካልሰጡ ወይም በዳኛው ካልተስማሙ ዳኛ እንዲሾምልዎ ለፍርድ ቤት ያመለክታሉ። ውሉ ተቋም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋምን፣ ማመልከቻው በእነሱ ደንብና ክፍያ ለእነሱ ይገባ ነበር።

ከመጀመርዎ በፊት ግን ሒሳብ ይሥሩ። የሁለት ማሞቂያ ዋጋ ከዳኛው አበል ካነሰ ምን ይጠቅምዎታል? በግልግል የተሰጠ ውሳኔ ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ በቀር ይግባኝ የለም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ብቻ ወደ ሰበር ይኬዳል፣ ያንንም በውል አስቀርታችሁት ከሆነ አይኬድም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ማስጠንቀቂያውን ልኬ፣ የአንዱን ማሞቂያ ዋጋ እንዲመልሱና ሌላውን እንዲጠግኑ በዕርቅ እጠይቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ማራኪ ነው የምኖረው። ሶፋ አሠርቼ እግሩ ተሰበረ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሶፋ ቤቱ ባለቤት 15 ሺህ ብር በሁለት ጊዜ ሊመልስልኝ ተስማማ። ተሳስመን ተለያየን። አሁን «እንዲህ አላልኩም» ይላል። ዕርቁ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋጋስ አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ያለውን የጠብ መጨረሻ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያየዋል። መስማማታችሁን ማስረዳት ግን የአንተ ሸክም ነው፣ ያለህ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እነሱኑ መልሰህ ሰብስብ፣ በዚሁ ሳምንት፣ ነገሩ ሳይረሳቸው። ባለቤቱ በእነሱ ፊት «አላልኩም» ለማለት ይከብደዋል። ካመነ እዚያው ጻፉት፦ ስንት ብር፣ የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን፣ ሁለተኛው በየትኛው ቀን፣ በአንዱ ቀን ባይከፍል ሙሉው ወዲያው እንደሚጠየቅ። ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ይፈርሙ፣ አንተም እሱም አንዳንድ ቅጂ ያዙ። የመጀመሪያውን ክፍያ ደግሞ በእጅ አትቀበል፣ በባንክ ያስገባልህ። እምቢ ካለ ከስምምነቱ በፊት በነበረው በሶፋው ጉድለት ትከሰዋለህ፣ የተሰበረውን እግር እስከዚያ እንዳትጥለው።