ቁልፉ ዱባይ፣ መኪናው መገናኛ

ጥያቄው የመጣው አያት አካባቢ ከምትኖር ነርስ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ2017 ሞዴል ቶዮታ ራቭ4 ትነዳለች። ቁልፍ አይሰካበትም፤ በተን ተጭኖ የሚነሳ ፑሽ ስታርት ነው። ካለፈው ወር ወዲህ መኪናው አንዳንዴ ቁልፉን አላውቅም ይላል። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ ሁለት ጊዜ አስቁሟታል። መኪናውን ያሳየችው መካኒክ ልጅ «ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም፣ ነቅዬ ተራ ቁልፍ ልግጠምልሽ» ብሏታል። ቶሮንቶ ያለው ወንድሟ ደግሞ «ሌባ በር ላይ ቆሞ በሬዲዮ ይከፍተዋል» እያለ ያስፈራራታል። እሱ ቁልፉን የሚያሳድረው ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። «ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ጥቅሙ ምንድነው? ቀጣዩ መኪናዬ ኤሌክትሪክ እንዲሆን አስቤ ነበር፣ እሱ ደግሞ ይብሳል ይሉኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ልጅ ምንም እንዳይፈታ። የነገርሽኝ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም በምታህል ባትሪ የሚያልቅ ነው።

አሠራሩን ላስረዳሽ፤ ከገባሽ ግማሹን ራስሽ ትጨርሺዋለሽ። የበሩን እጀታ ስትነኪ መኪናው በጣም ዝቅ ባለ ሞገድ ይጣራል። ጥሪው ሩቅ አይሄድም፤ ከእጀታው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁልፉ ከሰማ በሌላ ሞገድ «አለሁ» ብሎ የምስጢር ቁጥሩን ይመልሳል። ውስጥ ገብተሽ በተኑን ስትጫኚም ያው ንግግር ይደገማል። ቁልፉ እንግዲህ ቦርሳሽ ውስጥ ሆኖ ቀን ከሌት ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚውለው። ባትሪው ከድሮው ሪሞት ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሲደክም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ይሄ ጥሪ የመስማቱ ነገር ነው። ሪሞቱን ስትጫኚው በሩ ሊከፈትልሽ ይችላል። «ሪሞቱ ይሠራል፣ ባትሪው ደህና ነው» የሚልሽን አትመኚ።

ባትሪውን አውጪና ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። 2032 ካለ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። 1632 ካለ ስፋቱ 16 ነው። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይላወሳል። ወረቀት አጥፎ ከሥሩ የወተፈ ሰው አይቻለሁ። አዲሱን ከመክተትሽ በፊት አስለኪው። ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። እኔ ከ2.8 በታች ካየሁ እጥለዋለሁ። ገበያው ላይ እሽጉ አዲስ ሆኖ ውስጡ የሞተ ባትሪ ሞልቷል፣ ስለዚህ ሳያስለኩ መግዛት የለም።

ባትሪው አዲስ ሆኖም ችግሩ ከቀጠለ ቁልፉ የሚቀመጥበትን ቦታ እዪ። ነርስ ነሽ፣ ስልክና ቁልፍ አንድ ኪስ ውስጥ ነው የምትከቺው ብዬ ልገምት። ለያዪያቸው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ርካሽ የስልክ ቻርጀርም ሞገድ ይረብሻል። ነቅለሽ ሦስት ቀን ንጂ። ችግሩ የሚነሳው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ወይም የስልክ ማማ ሥር ስታቆሚ፣ ጥፋቱ የቦታው ነው። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍተሽ ትልቁን ባትሪ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ አስለኪ። 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ትልቁ ባትሪ ሲደክም መኪናው የሌለበትን በሽታ ሁሉ ያወራል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ቁልፉ ጭራሽ ቢሞትብሽ መኪናው አልሞተም። የቁልፉ ጎን ላይ ትንሽ መግፊያ አለች። እሷን ስትገፊ ከውስጡ የብረት ቁልፍ ይወጣል። በሹፌሩ በር ክፈቺ። አላርም ሊጮህ ይችላል፣ አትደንግጪ። ግቢና ፍሬን እርገጪ። የቁልፉን የቶዮታ አርማ ያለበትን ፊት ከስታርት በተኑ ጋር አነካኪው። ጢጥ ይላል። ያኔ በ10 ሴኮንድ ውስጥ በተኑን ተጫኚ፤ ይነሳል። ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ባትሪ አትፈልግም፤ ኃይሏን ከበተኑ ዙሪያ ካለው መጠምጠሚያ ነው የምታገኘው። ዛሬ ማታ ግቢሽ ውስጥ ባትሪውን አውጥተሽ አንዴ ተለማመጂው። ጨለማ ውስጥ፣ ከሥራ ደክሞሽ ወጥተሽ የምትማሪው ነገር አይደለም።

ስለ በተኑ ካነሳን ሌላም አለ። እየነዳሽ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ቢሆንብሽ፣ አንዴ ነካ ማድረግ አያጠፋውም። ከ2 ሴኮንድ በላይ ይዘሽ መቆየት ወይም ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ የነዳጅ ፔዳሉ በወለል ምንጣፍ ተይዞ አራት ሰው ሞቶበታል። ያ መኪና ፑሽ ስታርት ነበር፣ ለማጥፋትም በተኑን 3 ሴኮንድ ያህል መያዝ ያስፈልግ ነበር። እዚህ ምንጣፍ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲክ ላይ ሌላ ምንጣፍ የሚደርብ ሰው በየቀኑ ይመጣብኛል። የሹፌሩ በኩል አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም በመያዣው የታሰረ።

የአንቺን መኪና ዓይነት የሚይዝ አንድ ደንበኛዬ ዱባይ ሊሄድ ወንድሙ ቦሌ አድርሶት ነበር። ሞተር ሳይጠፋ ተሳሳሙ፣ ሻንጣ ወረደ፣ ወንድምየው መሪ ያዘ። መኪናው ጢጥ ጢጥ ብሎ ነገራቸው፣ ማንም አልሰማውም። ቁልፉ ከመኪናው ቢርቅ የተነሳ ሞተር አይጠፋም፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ አደጋ ስለሆነ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ልጁ መገናኛ ደርሶ ቡና ሊጠጣ አቆመና አጠፋው። አለቀ። ቁልፉ በሰውየው ጃኬት ኪስ ሆኖ ሰማይ ላይ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ የለም። መኪናው በጫኝ መጣልኝ፤ ሰውየው እስኪመለስ አምስት ቀን ግቢዬ ውስጥ ቆመ።

ላቫጆም እንደዚያው ነው። ሞተር ሳይጠፋ አስረክበሽ ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ብትሄጂ፣ መኪናው ያለ ቁልፍ ብዙ ርቀት መሄድ ይችላል።

ሁለተኛ ቁልፍ አለሽ? በጥያቄሽ ውስጥ አላየሁም። ከሌለሽ ገንዘብሽን እዚያ ላይ አውዪው። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ሌላ ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ መሣሪያ ይሰካል፣ የድሮው ይነካል፣ አዲሱ ይነካል፣ ያልቃል። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ግን የመኪናውን የቁልፍ መዝገብ ከሥሩ መሰረዝ ይመጣል። አንዳንዴም ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ) ፈትቶ ኮምፒውተር ማውጣት አለ። ዋጋው ያኔ አይቀራረብም። ስትገዢ ደግሞ ቁመናውን ብቻ አይተሽ አትክፈዪ። የአሜሪካ መኪና ባብዛኛው 315 ሜጋ ኸርዝ ነው፣ የአውሮፓና የዱባዩ ደግሞ 433። ሁለቱ ቁልፎች መንታ ይመስላሉ፤ አንዱ ለመኪናሽ ዲዳ ነው። ያገለገለ የቶዮታ ስማርት ቁልፍም ከመጀመሪያው መኪናው ጋር ተቆልፎ ስለሚቀር በልዩ መሣሪያ ካልተፈታ አይመዘገብም።

የዚያን ልጅ ሐሳብ ልመልስበት። «ነቅዬ ተራ ቁልፍ ልግጠምልሽ» ሲል ምን ሊያደርግ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሥራውን ሳስተካክል ኖሬያለሁ። የመሪውን መቆለፊያ ያሰናክላል፣ ኢሞቢላይዘሩን ይዘልላል፣ ገመድ በጥሶ ከሌላ መኪና የመጣ ማስነሻ ይቀጥላል። ኢሞቢላይዘር ማለት ያለ ትክክለኛው ቺፕ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው ክፍል ነው። እሱ ከተዘለለ መኪናሽ በማንኛውም ሽቦ የሚነሳ የ1980ዎቹ መኪና ሆነ ማለት ነው። የተቆረጠ ገመድ ደግሞ ከዓመት በኋላ ዝናብ ሲገባበት ሌላ ጣጣ ያመጣል። በተቃራኒው ተራ ቁልፍ ያለው መኪና ላይ ከገበያ የተገዛ ፑሽ ስታርት ማስገጠምም ያው ነው። ፋብሪካ የሠራውን ተጠቀሚበት፤ ፋብሪካ ያልሠራውን አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

ወንድምሽ ግን አልዋሸም። አንዱ ሌባ ቤት በር ላይ የመኪናውን ጥሪ አጉልቶ ለቁልፉ ያሰማል፣ ሌላው መኪናው ዘንድ ቆሞ መልሱን ይቀበላል። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም (ETH) ተመራማሪዎች የ8 ፋብሪካዎችን 10 ሞዴሎች ሞክረው ሁሉንም በዚህ መንገድ ከፍተዋል፣ አስነስተዋልም። ብረት ቆርቆሮ ሞገዱን ስለሚያግድ ብስኩቱ ካለቀ በኋላም ይሠራል። ብዙ የቶዮታ ቁልፎች ደግሞ ማስተኛ አላቸው፤ መቆለፊያውን ተጭነሽ ይዘሽ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ንኪ። መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ካለች ተኝቷል፤ ማንኛውንም በተን ስትነኪ ይነቃል። ለባትሪውም እረፍት ነው። ቆርቆሮ የማያድንበት ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ የለንደን ስርቆት ሌቦች የአንድ ራቭ4ን የፊት መብራት ፈልቅቀው፣ በገመዱ በኩል ኮምፒውተሩ መስመር ውስጥ ገብተው ነው በሩን የከፈቱት። ለዚያ መድኃኒቱ መሪ ላይ የሚቆለፈው የድሮው ብረት ነው።

እዚህ ግን፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው የሚያለቅሰው በስፖኪዮው ነው። ለስፖኪዮ ደግሞ ቆርቆሮ የለም።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ልግዛ ካልሽ ምርጫሽ ያው ነው፤ ይብሳል አይብስም የሚለው ክርክር አይጠቅምሽም። ማወቅ ያለብሽ፣ መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሿ 12 ቮልት ከሞተች በሩ አይከፈትም፣ መኪናውም አይነቃም። በር፣ ስክሪን፣ ኮምፒውተር ሁሉ ከእሷ ነው የሚበሉት። ስለዚህ ሻጩን ስለ ኪሎ ሜትር ከመጠየቅሽ በፊት የብረት ቁልፉ ቀዳዳ የት እንደሆነ፣ 12 ቮልቷ ስትሞት ከውጭ ኃይል የሚሰጣት በየት እንደሆነ ጠይቂው። ቢዋይዲ በሚባሉት የቻይና መኪኖች ስፖኪዮ ላይ የምትነካ ካርድ አለች፤ ቁልፉ ሲሞት ታስገባለች፣ 12 ቮልት ከሌለ ግን እሷም ወረቀት ናት። ወደ ውስጥ የሚሸሸግ እጀታ አልወድም። ጭቃና አቧራ ሲጠጣ አይወጣም፣ በአደጋ ጊዜ ደግሞ ከውጭ የሚጎትት ሰው የሚይዘው ያጣል። የኋላ በር ከውስጥ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ልጆችሽን ሳይቀር አሳዪያቸው፤ አንዳንዱ መኪና ማስከፈቻውን ይደብቀዋል።

በስልክ መክፈት ለሚለው ብር አትጨምሪ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ የመጣው አብዛኛው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የኋላ ካሜራ ግን ያለ ክርክር ውሰጂ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ እንዲኖረው ያስገደደችው ከኋላ የሚቆሙ ሕፃናት ስለማይታዩ ነው። በራሱ ፍሬን የሚይዘውም ጥሩ ነው፣ ችግሩ ካሜራው መስታወቱ ላይ መሆኑ ነው። መስታወት ተሰብሮ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። «መስታወቱ ገብቷል፣ በቃ» ካሉሽ አልበቃም። ተንሸራታች ጣሪያ? ውኃ መውረጃ ቱቦዎቹ በአቧራ ይደፈናሉ፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ጨርቅ ላይ ቡና የተደፋ ይመስላል። እኔ አልገዛም።

ያገለገለ መኪና ልታዪ ስትሄጂ ከሻጩ ፊት ቁልፉን ክፈቺና ባትሪውን አውጪ። ከዚያ «በል አስነሳልኝ» በዪው። ካወቀው አስተምሮሽ ይሸኝሻል። ካላወቀው ይሄን ጽሑፍ ይዘሽ አንቺ አስተምሪው፤ መኪናው እንቢ ካለ ግን ትተሽው ሂጂ። ባትሪውን መልሰሽ መክተት እንዳትረሺ ብቻ።