ከክብደት መቀነሻ የጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ፦ የወላጆችና የወጣቶች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ሲሆን ቢኤምአይዋ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 42 ደርሷል፤ ዓይነት 2 ስኳርም ጀምሯታል። ሐኪሟ ቀዶ ጥገና ሐሳብ አቀረቡልን። 18 እስኪሞላት ብንጠብቅስ?

መልስ፦ በስኳሩ በኩል መጠበቁ ያስከፍላል። ቲን-ላብስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያጋጥም ቀዶ ጥገና) የተሠራላቸውን ታዳጊዎችና አዋቂዎች ለ5 ዓመት አወዳድሯል። በክብደት ብዙም አልተራራቁም፤ ታዳጊዎቹ በአማካይ 26 በመቶ፣ አዋቂዎቹ 29 በመቶ ቀንሰዋል። ስኳሩ ወደ ጤናማ ልክ የተመለሰላቸው ግን ከታዳጊዎቹ 86 በመቶ፣ ከአዋቂዎቹ 53 በመቶ ናቸው። ስኳር በቆየ ቁጥር ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ይደክማሉና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያም እንደ ልጅዎ ያሉ ከ13 ዓመት ጀምሮ ለምርመራ እንዲላኩ ይመክራል። ፍላጎቱ የእናት ብቻ ከሆነ ግን ይቆይ፤ የቪታሚን ኪኒኑን ዕድሜ ልኳን በየቀኑ የምትውጠው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ክብደቱ ተመልሶ ይመጣል?

መልስ፦ ከፊሉ ይመጣል። በዚያው ጥናት ከ10 ዓመት በኋላ የታዳጊዎቹ ቢኤምአይ ከመነሻው በአማካይ 20 በመቶ ዝቅ እንዳለ ነበር። ስኳር ከነበረባቸው መካከል ግን ያኔ ስኳሩ ጤናማ ልክ ላይ የነበረላቸው 55 በመቶ ናቸው፤ ስለዚህ የደም ምርመራው በየዓመቱ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። ስሊቭ (አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ የሚወጣበት ቀዶ ጥገና) ከተሠራልኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ሳምንት ሙሉ ያስመልሰኛል፣ እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ስራመድም ያንገዳግደኛል። ቪታሚኑን ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የቪታሚን ቢ1 (ታያሚን) እጥረት ይመስላል፤ ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው። እንደደረስክ ቀዶ ጥገና እንደተደረገልህ ተናገር፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን በደም ሥር እንዲሰጥህም ጠይቅ። ግሉኮሱ ከቀደመ የቀረችውን ታያሚን ይጨርሳትና አንጎልን ይጎዳል፤ የማስታወስ ችሎታም ላይመለስ ይችላል። ማስመለሱ ከየት እንደመጣ ደግሞ መታየት አለበት፤ የተቆረጠው ጨጓራ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ባይፓስ ከተሠራልኝ 8 ወር ሆነኝ። ዓቢይ ጾምን መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ የደም ምርመራሽ ደህና ከሆነና ሐኪምሽ ከፈቀዱልሽ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ይቻላል። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱ ነው። በቀን 1.5 ሊትር ያህል ያስፈልግሻል፤ ትንሿ ጨጓራ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትቀበልም፣ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ ነው የሚጠጣው። ይህን ለንስሐ አባትሽ አስረጅ።

ፕሮቲኑ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ አንቺ ግን በአንድ ማዕድ ያን ያህል አትጨርሺም። ስለዚህ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር ወተትና የአተር ፕሮቲን ዱቄት ጨምሪበት። መጀመሪያ ወጡን ብዪ፤ እንጀራው ቦታውን ቀድሞ ከያዘ ለምስሩ አይተርፍም። ከበላሽ በኋላ ሳትጠጪ 30 ደቂቃ ቆዪ።

ጤፍ አይረን አለው ብለሽ ኪኒኑን አትተዪ፤ በቲን-ላብስ በ3ኛው ዓመት 57 በመቶ የሚሆኑት የአይረን ክምችታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አይረኑን ከካልሲየም በ2 ሰዓት ለዪው፤ ከቡናና ከሻይም ይራቅ። ቢ12 ከጾም ምግብ አይገኝም፤ በየቀኑ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን?

መልስ፦ አይሆንም፤ ዲክሎፌናክም እንደዚሁ። በተለይ ከባይፓስ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ቁስል ያወጣሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። ሲጋራም ያንኑ ቁስል ያመጣል።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፤ ባይፓስ ከተሠራልኝ 5 ወር ሆነኝ። ላገባ ነው። መቼ ማርገዝ እችላለሁ?

መልስ፦ ከቀዶ ጥገናው ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ቆዪ፤ ክብደት በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ ፅንሱ የሚበቃውን ላያገኝ ይችላል። የወር አበባሽ የተዛባ ከነበረ፣ ክብደቱ ሲቀንስ ሊስተካከልና ሳታስቢው ልታረግዢ ትችያለሽ። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይሻላል። ስታረግዢ ደግሞ ለስኳር ምርመራ የሚሰጠውን ጣፋጭ መጠጥ ከመጠጣትሽ በፊት ባይፓስ እንዳለሽ ተናገሪ፤ ላብ፣ የልብ ምትና ተቅማጥ ሊያስነሳብሽ ይችላል። በምትኩ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ በጣት ደም መለካት ይቻላል።